ለአንድ ቤት ስንት ውሻና ድመት ይበቃል? በጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ውሻና ድመት የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀላሎቹን አስቀድመናል፣ ከባዶቹ ወደ መጨረሻ ናቸው።

ለአንድ ቤት ስንት ውሻና ስንት ድመት ነው ልኩ?

ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ ቁጥሩን የሚያወጣ መለኪያ ግን አለ። መለኪያው ሐምሌ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ግቢው ይጨቀያል፣ የውሻው መኝታ ይርሳል፣ እከክና ቁንጫ ይበረታል፣ የታመመ እንስሳ ይዞ መውጣትም ከባድ ይሆናል። በዚያ ወር በደረቅ ቦታ አስተኝተው፣ አብልተው፣ ኩሱን ጠርገው፣ ሲታመም ክሊኒክ አድርሰው መያዝ የሚችሉት ብዛት ያ ነው የእርስዎ ቁጥር። በጥር ፀሐይ አምስት ውሻም ቀላል ይመስላል።

ለመነሻ ያህል፣ የራሱ የታጠረ ግቢ ያለውና ቀን ቀን ሰው የማይጠፋበት ቤት ሁለት ውሻና ሁለት ድመት በደንብ ይይዛል። ሁሉም ሥራና ትምህርት ቤት ውሎ ማታ የሚገናኝበት ቤት አንድ ውሻና አንድ ድመት ይበቃዋል። በጋራ ግቢ ለሚኖር ተከራይ አንድ ድመት ነው የምንለው።

ከዚህ በላይ ለመጨመር ያሰበ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዳቸውን በእጄ ይዤ ዓይናቸውን፣ ጆሯቸውንና ቆዳቸውን ለማየት ጊዜ አለኝ? ቤተሰቡ በሙሉ ለአንድ ሳምንት አጋሮ ወይም አዲስ አበባ ለለቅሶ ቢሄድ የሚያበላቸው ማን ነው? (ስሙ የሚታወቅ ሰው እንጂ «አንድ ሰው አይጠፋም» አይሠራም።) ሁለቱ በአንድ ቀን ቢታመሙስ ማን ይወስዳቸዋል፣ ወጪውስ ከየት ይመጣል? ከሦስቱ አንዱ መልስ ካጣ ቤቱ ሞልቷል።

ዶሮ፣ በግና ላም ከቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ?

ይገባሉ። ሰው «ስንት እንስሳ አለህ?» ሲባል ውሻና ድመቱን ብቻ ይቆጥራል፤ ጠዋት የሚነሳው እጅ፣ የሚቀዳው ውሃና የሚጠረገው ግቢ ግን አንድ ነው። የምትታለብ ላም ብቻዋን በቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ውሃ ትጠጣለች። የቧንቧ ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ከጄሪካኑ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው የውሻው ድርሻ ነው።

ሌላም የማይታይ ሰንሰለት አለ። ዶሮ ሲበዛ ጥሬ ይበተናል፤ ጥሬ ሲበተን አይጥ ይመጣል፤ አይጥ ሲመጣ ድመት ይጨመራል። ብዙ ቤት ከአንድ ድመት ወደ አራት የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። የዶሮውን መኖ ማታ ማታ ማንሳት ሁለት ድመት ከመጨመር ይቀላል።

አንድ ውሻ በቀን ምን ያህል ይበላል? ትራፊ አይበቃውም?

20 ኪሎ የሚመዝን ያደገ የግቢ ውሻ በቀን 250 ግራም ያህል የበቆሎ ዱቄትና 200 ግራም ያህል ጨጓራ፣ ሳንባ ወይም ቁርጥራጭ ሥጋ ይበቃዋል። ሥጋውን ከትፎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቀቀል፣ በመረቁ ላይ ዱቄቱን አገንፍቶ ማብሰል፣ አቀዝቅዞ ለሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ነው። በወር ለአንድ ውሻ 7.5 ኪሎ ዱቄትና 6 ኪሎ ሥጋ ይወጣል፤ ለሦስት ውሻ 22.5 እና 18 ኪሎ። ይህን በዚህ ሳምንት የገበያ ዋጋ ያባዙትና የወር ገቢዎ ላይ ያስቀምጡት። ውሃም በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ለእያንዳንዱ ያስፈልጋል። የምታጠባ ውሻ ደግሞ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ልትበላ ትችላለች።

ትራፊ በሁለት ነገር ይጎዳል። አንደኛው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ወጣችን ያለ እነሱ አይሠራም፣ ሁለቱም ግን የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራሉ፣ ቢበስሉም ያው ነው። ድመት ከውሻ ይልቅ በትንሹ ትጎዳለች። ድዷ የነጣና የምትዝል ድመት ሲያጋጥም በየቀኑ የወጥ ትራፊ እየተሰጣት እንደሆነ ማየት ነው። ሁለተኛው የትራፊው አለመዝለቅ ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን በሚጾም ቤት ሥጋ የለም፤ የሚተርፈው ሽሮና ጎመን ነው። በረመዳንም የማዕድ ሰዓት ወደ ማታ ስለሚዞር ቀን የሚጣል ነገር አይገኝም። የእንስሳቱን ቁጥር በበዓል ሰሞን ትራፊ የለካ ሰው በጾም ያስርባቸዋል።

ድመት ደግሞ በእንጀራና በወተት አትኖርም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አያመርትም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም የተቀቀለ ሥጋ ወይም አጥንቱ የወጣ ዓሣ ያስፈልጋታል። ታውሪኑ ሲቀቀል ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን አይድፉት፤ አብረው ይስጧት።

ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ታዲያ ለምን አልጨምርም?

ስፋት ከሁሉ የሚያንሰው ጉዳይ ነው። የግቢውን ግማሽ የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሻው የሚተኛበት ደረቅ ቦታ ከግቢው ውስጥ አንድ ጥግ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚቆጠረው ደረቅ መኝታ ነው። ለአንድ መካከለኛ ውሻ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 70 ከፍታ ያለው የጣውላ ቤት ይበቃል። ወለሉ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በብሎኬት ወይም በባሕር ዛፍ እግር ከፍ ይበል፤ ቆርቆሮው በፊት ለፊት በኩል አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ይበል፤ በሩ ዝናብ በማይመታው አቅጣጫ ይዙር። መሬት ላይ የተቀመጠ ቤት በሐምሌ ከሥር ውሃ ይስባል፣ ውሻውም ትቶት በረንዳ ላይ ይተኛል። ከመጠን በላይ ትልቅ ቤት መሥራትም ጥሩ አይደለም፤ ውሻው በራሱ ሙቀት ሊያሞቀው አይችልም። ሁለት ውሻ ካለ ሁለት ቤት፣ ሦስት ካለ ሦስት።

ኩሱም ይቆጠር። መካከለኛ ውሻ በቀን 300 ግራም ያህል ይጥላል፤ ሦስቱ በወር ወደ 27 ኪሎ ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ ይህ ሁሉ ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ጎረቤትና ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት ግቢ ደግሞ አደጋው የራስ ነው። በየቀኑ በአካፋ ሰብስቦ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ውስጥ መጣልና በአመድ ወይም በኖራ መሸፈን ያስፈልጋል። የጎመን መደብ ላይ እንደ ፍግ አይበተን፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ግቢያችን ውስጥ ቡና ይሰጣል፤ ከውሻ ጋር ይስማማል?

ቦታው ከተለየ ይስማማል። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ በሚሰጣበት ወራት ግቢው ስለሚጠብ ውሻው በገመድ ይታሰራል ወይም ወደ መንገድ ይወጣል፤ ሁለቱም ችግር ያመጣል። ቡናውን መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ማስጣት ከውሻ ሽንትም ያድነዋል። ውሻ ቡና ከበላ ካፌይኑ ይመርዘዋል፤ 10 ኪሎ በሚመዝን ውሻ ላይ 20 ግራም ያህል ፍሬ እንኳ መቅበጥበጥ፣ ማስመለስና የልብ መፍጠን ያመጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ያንቀጠቅጣል፣ ሊገድልም ይችላል። የቡና አተላም ውሻ በሚደርስበት ቆሻሻ ላይ አይደፋ።

አይጥ ስለበዛብን ሦስተኛ ድመት ልጨምር?

አይጨምሩ። አይጥን የሚያበዛው የድመት ማነስ አይደለም፤ ክፍት ጆንያና ቀዳዳ ነው። እህሉን ክዳን ባለው በርሜል ማድረግ፣ እርሳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶና በሽቦ መድፈን፣ ማታ ሳህን ሳይታጠብ አለማሳደር ቀድሞ ይሠራ። ያኔ አንድ ድመት ትበቃለች። የአይጥ መርዝ ባለበት ቤት ደግሞ ድመት መጨመር ድመቷን ለሞት መጋበዝ ነው፤ መርዙን የበላችውን አይጥ ስትበላ እሷም ትመረዛለች።

ድመት በተፈጥሮዋ ብቻዋን አዳኝ ናት፤ ስትበዛ ክልሏን ለማስከበር በየጥጉ ትሸናለች፣ በተለይ ወንዱ። ቤት ውስጥ የሚጸዳዱ ድመቶች ካሉ የአሸዋ ሳፋ በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ይቀመጥ፤ ለሁለት ድመት ሦስት ሳፋ። ለአራት ድመት አምስት ሳፋ የሚቀመጥበት ቤት ካልዎት መልሱን አግኝተዋል።

የትኞቹ ውሾች አብረው ይኖራሉ? እርስ በርስ የሚጣሉትስ?

አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም ከተመከኑ፣ በብዛት ይስማማሉ። እህትማማች ቡችሎችን አብሮ መውሰድ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እስከ ዓመት ከመንፈቅ ድረስ ተዋደው ይኖሩና ካደጉ በኋላ አንድ ቀን በሳህን ሰበብ ጠብ ይጀምራሉ። የሁለት ሴት ውሾች ጠብ አንዴ ከጀመረ ከወንዶቹ ይልቅ የሚመለስ አይደለም። የተጣሉትን በእጅ ለመገላገል መግባት ያስነክሳል፤ ውሃ መድፋት ወይም በመሃላቸው ጣውላ ማስገባት ይሻላል። በዕድሜ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚራራቁ፣ በየራሳቸው ሳህንና በየራሳቸው ጥግ የሚበሉ ይሁኑ።

ሦስተኛው ውሻ ሲመጣ ጠባያቸው ይለወጣል። ሁለት ሆነው አጥር ሥር የሚጮኹት ሦስት ሲሆኑ በር ሲከፈት አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ያሳድዳሉ። ተማሪና ባጃጅ በሚበዛበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተከራይ ነኝ፣ ወይም ግቢው የጋራ ነው። ምን ላድርግ?

ከማምጣትዎ በፊት አከራዩን ብቻ ሳይሆን በግቢው ያሉትን ሁሉ ይጠይቁ፤ የተስማማችሁበትንም ውሉ ላይ ያጽፉ፦ ስንት፣ የት ይተኛል፣ ማን ያጸዳል። ጅማ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በሃይማኖቱ ምክንያት ውሻ ልብሱንና ዕቃውን እንዲነካበት አይፈልግም። በጋራ ግቢ የተለቀቀ ውሻ የጎረቤትን የሶላት ንጽህና ይነካል፤ ይህን ማክበር የጉርብትና ነገር ነው። ውሻው የራሱ የታጠረ ጥግ ከሌለው ድመት ይበቃል።

ክትባትና የትል መድኃኒት ለእያንዳንዱ ስንት ጊዜ ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻም ለድመትም በ3 ወር ዕድሜ ይጀመራል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ። ብዙ ሰው ውሻውን አስከትቦ ድመቷን ይተዋል፤ ድመትም በሽታውን ታስተላልፋለች። የትል መድኃኒት ለቡችላና ለድመት ግልገል በየሁለት ሳምንቱ እስከ 3 ወር፣ ላደገ በየ3 ወሩ ይሰጣል። ሦስት ውሻና ሁለት ድመት ያለው ቤት በዓመት 5 ክትባትና 20 ጊዜ የትል መድኃኒት አለበት ማለት ነው። የሚያስከትቡበትን ቦታ ለማወቅ የአካባቢዎን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያሉትን ሐኪሞች ይጠይቁ።

በልኳንዳ አቅራቢያ ለሚኖር ውሻ አንድ ነገር እንጨምር። የበግና የከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻ በጥሬው አይጣል። ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፤ ያ እንቁላል በእጅ ወደ ሰው አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ፕራዚኳንቴል ያለበት መድኃኒት ነው ይህን ትል የሚገድለው፤ ለወስፋት ብቻ የሚሰጠው አይበቃም።

ብዙ እንስሳ ያለበት ቤት ወጪ ለመቀነስ በከብት የመዥገር መድኃኒት ሁሉንም ያጥባል። በእነዚህ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኙት ዲያዚኖንና ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላሉ፤ ሳትታጠብም የታጠበውን ውሻ ተጠግታ በመተኛት ብቻ ልትመረዝ ትችላለች። ቁንጫ ደግሞ አብዛኛው ዕድሜው የሚያልፈው እንስሳው ላይ ሳይሆን መኝታው ውስጥ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር ጆንያውን በፈላ ውሃ ማጠብ ወይም ማቃጠል፣ ሁሉንም እንስሳ በአንድ ቀን ማከም ያስፈልጋል። አንዱ ከተረሳ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለት ብቻ ነበሩኝ፤ እንዴት እንደበዙ አላወቅሁም። እንዴት ላስቁም?

ድመት ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜዋ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ 9 ሳምንት ነው፤ ግልገል እያጠባችም እንደገና ትይዛለች። በዓመት ሁለት ጊዜ አራት አራት ከወለደችና ሁሉም ከተረፉ፣ የመጀመሪያዎቹም ደርሰው መውለድ ስለሚጀምሩ፣ በመስከረም አንዲት ድመት የነበረበት ቤት በሚቀጥለው መስከረም ከ10 ያልፋል። ውሻም በየ6 ወሩ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ ያኔ ለሦስት ሳምንት ያህል መቆለፍ አለባት። አጥር ይበቃታል ብለው አይታመኑ፤ ወንዱ ከሥር ቆፍሮ ይገባል።

ዘላቂው መንገድ በቀዶ ሕክምና ማምከን ነው። ከ6 ወር ዕድሜ በኋላ ይሠራል፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ ይከለከላሉ፤ ሴቷ ከ10 እስከ 14 ቀን በደረቅና ንጹሕ ቦታ ተዘግታ ቁስሉን እንዳትልስ መጠበቅ አለባት። ለዚህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ይመረጣሉ፤ በክረምት ጭቃ ቁስል ያመረቅዛል። ለሁለቱም አቅም ከሌለ ሴቷን ያስቀድሙ፤ አንድ ወንድ ቢኮላሽ የሰፈሩ ወንዶች አሉ። የተኮላሸ ወንድም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ማስረገዝ ስለሚችል ከሴቷ ለይተው ያቆዩት። የሴቶችን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ለውሻና ድመት መውጋት የሚመክሩ አሉ፤ ማህፀኑ ውስጥ መግል ሊያስቋጥርና ሊገድል ስለሚችል ይቅርብዎ።

ቡችላዬ ደም ተቀላቅሎ እያስቀመጠው ሞተ። መቼ ነው ሌላ የምተካው?

ምልክቱ የቡችሎችን አንጀት የሚያጠቃው የፓርቮ ቫይረስ ነው፤ በሌላ ምክንያት የሚመጣም አለ፣ ግን ፓርቮ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። ቫይረሱ ጥላና እርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ የጅማ አፈር ደግሞ እርጥብ ነው። ስለዚህ ለፓርቮ ያልተከተበ ቡችላ ለአንድ ዓመት እዚያ ግቢ አይግባ። ሲሚንቶውን፣ ሳህኑንና በሩን በረኪና አንዱን እጅ ከ30 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ማጠብና 10 ደቂቃ ማቆየት ይገድለዋል፤ አፈሩን ግን ማጽዳት አይቻልም፤ የቡችላውን ጆንያ ያቃጥሉት። መተካት የግድ ከሆነ ክትባቱን የጨረሰ፣ ዓመት ያለፈው ውሻ ይምረጡ።

በር ላይ የማበላው ውሻ የኔ ነው?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው ነው። ሳምንት በተከታታይ ያበሉት ውሻ በርዎን መጠበቅ ይጀምራል፣ መንገደኛ ላይም ይጮኻል፤ ጎረቤትም የእርስዎ ነው ይላል። ካበሉት ያስከትቡት፣ ከቁጥሩም ያስገቡት። ለማስገባት ቦታ ከሌለ ማብላቱን አይጀምሩ፤ ጀምሮ በጾም መተው ከሁሉ የከፋ ነው። ያልታወቀ ውሻ ወደ ግቢ ሲገባም ከራስዎ ውሾች ጋር ወዲያው አይቀላቀል፤ አስከትበው፣ የትል መድኃኒት ሰጥተው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆይተው ጠባዩን ይከታተሉ። በድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ከሆነ አይንኩት፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም የሚድህ ሕፃን አለ። እንስሳቱን ላስወጣ?

ማስወጣት አያስፈልግም፤ መጨመር ግን ይቁም። ድመት በኩሷ የምታወጣው ቶክሶፕላዝማ የተባለ፣ ፅንስን የሚጎዳ ጥገኛ ተህዋስ ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት ስላለበት ሳፋው በየቀኑ ከተጸዳ አደጋው በጣም ይቀንሳል፤ የሚያጸዳው ግን ነፍሰ ጡሯ አትሁን። ድመቷ የምትጸዳዳበትን የጎመን መደብ ስትነካም ጓንት ታድርግ። ጥሬ ሥጋ ከድመቷ ይልቅ የቅርብ መንገድ ነው፤ ክትፎው ጥሬ አይሁን። ለሚድህ ሕፃን ደግሞ ውሻ የሚያልፍበት አፈር ለይቶ ማጠር፣ ሕፃኑንና ውሻን ለአንድ ደቂቃም ብቻቸውን አለመተው ነው።

ከብዙ ውሾቼ አንዱ ሰው ቢነክስ ኃላፊነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በአጋጣሚ ያመለጠ ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ። «በሩን ልጅ ነው የከፈተው» የሚለው መልስ ባለቤቱን ነጻ አያወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ የተጨመረ ውሻ አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት ነው።

የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠበውና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ፤ ውሻው የተከተበ ነው ብሎ አይቅር። ውሻውን አይግደሉት፤ ለብቻው ዘግተው 10 ቀን ይመልከቱት። የተነከሰው ሰው ግን ሐኪም ሳያየው እነዚያን ቀናት አይጠብቅ። ብዙ ውሻ ያለበት ቤት ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል፤ የነከሰው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉም መዘጋት አለባቸው፤ ለሁሉም የተለየ ቦታ የለም።

አሁን በዝተውብኛል። እንዴት ልቀንስ?

መጀመሪያ መብዛቱን ያቁሙ፦ ሴቶቹን ለይተው ይዝጉ፣ የሚመከኑበትን ቀን ይያዙ። ከዚያ ይቁጠሩ፣ በወረቀት ይጻፉ፣ የሚሰጡትን ይለዩ። ለመስጠት የሚቀልሉት ከ2 እስከ 4 ወር ያሉት ናቸው። ቡችላ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይ፤ ቀድሞ የተለየ ሲያድግ ፈሪና ነካሽ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፣ ብዙውም ይሞታል። የትል መድኃኒት አስውጠው፣ ዕድሜው ከደረሰ አስከትበው ይስጡ፤ የተቀባዩንም ግቢ ሄደው ይዩ። መጋዘን፣ እንጨት ቤትና ከከተማው ዳር ያሉ የቡና ግቢዎች ውሻ ይፈልጋሉ፤ ግን ማታ ማታ ጅብ በሚወርድበት ዳርቻ የሚዘጋበት ጠንካራ ቤት መኖሩን ሳያረጋግጡ አይስጡ።

ገበያ፣ ሆቴል ጓሮ ወይም ወንዝ ዳር ወስዶ መጣል መቀነስ አይደለም። ቡችሎቹ በረሃብ፣ በመኪናና በመርዝ ያልቃሉ፤ የተረፉት ያልተከተቡ የጎዳና ውሾች ሆነው ወደዚያው ሰፈር ልጆች ይመለሳሉ። በጣም ያረጀ ወይም የማይድን ሕመም ያለበትን እንስሳ ግን ሐኪም ሳያሠቃይ ሊያሳርፈው ይችላል፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

እናታችን ድመት መሰብሰብ አላቆም አሉ፤ ስንቀንስባቸው ያለቅሳሉ። ምን እናድርግ?

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ በተለይ ልጆች ከቤት ከወጡ ወይም አባት ካረፉ በኋላ የሚጀምር ከሆነ። እሳቸው በሌሉበት ድመቶቹን ማስጫን አይሠራም፤ ሐዘኑ ላይ ሐዘን ይጨምራል፣ በወራት ውስጥም ቤቱ እንደገና ይሞላል። ቤቱ ይሸታል፣ የሞተ ግልገል አልጋ ሥር ተገኝቷል፣ ለራሳቸው ምግብና መድኃኒት የሚሆነውን ገንዘብ ለድመት ያውላሉ፣ ስንት እንደሆኑም ሲጠየቁ አያውቁም፤ እነዚህ ከታዩ ጉዳዩ የድመት ብቻ ስላልሆነ ሐኪም ጋር መወሰድ ያለባቸው እሳቸውም ናቸው።

የሚሠራው ቀስ ያለው ነው። የሚያከብሯቸው ሰው፣ ታላቅ ወንድም ወይም የዕድር ጓደኛ፣ ከጎናቸው ይቀመጥና የሚያስቀሯቸውን ሁለት ወይም ሦስት ራሳቸው ይምረጡ፣ ስም ይስጧቸው። የተመረጡት መጀመሪያ ይመከኑ፤ ሌሎቹ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሁለት እየሆኑ እሳቸው ወደሚያውቁት ቤት ይሂዱ፣ መጥቶ ማየትም ይፈቀድላቸው። የመጨረሻዋ ከወጣች በኋላ ለስድስት ወር ያህል አንድ ልጅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይምጣ፤ ቤቱን አብሮ ለማጽዳት፣ ቡና አፍልቶ አብሯቸው ለመቀመጥ፣ አዲስ ድመት መግባት አለመግባቷንም ለማየት።